ሳይቀመስ አይሰጥም

ቤይሩት፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእቴቴ ፈንታነሽ፣ ደብረ ታቦር፤

እንደምን ከረሙ? ብርዱ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? ዓይንዎስ? የደብሩ ኢየሱስ ከክፉ ሁሉ ይሰውርልኝ። እኔ ከሥራ ድካም በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ በስልክ ፎቶ አንስቼ ለባለሱቁ ለዑመር ልጅ ለኑሪያ ልኬላታለሁ። «ኔትወርክ የመጣ ቀን አንብቢላቸው» ብላት «እኔ ላንብብላቸው? ሊጣሉኝ ነው? ገልብጬ እሰጣቸዋለሁ እንጂ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኔን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ከኋላዬ ሆነው እያዩ ፊደል የለዩ ሴት፣ አንብቡልኝ አይሉም።

ቤት ቀይሬያለሁ። አሁን የማስታምማቸው አሮጊት ማዳም አራክሲ ይባላሉ። ዘራቸው አርመን ነው፤ ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ሲልቫ ካናዳ ነች። እኔን «ሃያት» ይሉኛል፤ በዓረብኛ ሕይወት ማለት ነው። እግራቸው በዱላ ነው፤ ምላሳቸው ግን ዱላ አያስፈልገውም። በጦርነቱ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሸሽ «ወንበሬን ማን ይጠብቅልኛል?» ብለው ቀሩ አሉ።

ባላቸው ሳርኪስ በባሕሩ ዳር በነበረ ትልቅ ሆቴል መጠጥ ቀጂ ነበሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ለሚስታቸው አንድ ብርጭቆ ጂን በሎሚ ይሠሩላቸው ነበር። ሐኪሙም «አንዷን ይጠጡ፣ አትከልክሏቸው» ብሏል። አሁን ያ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ጂን፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ በረዶ፤ ሌላ ነገር የለውም። ቀላል ይመስላል፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። አንድ ቀን ይመራል፣ አንድ ቀን ስኳሩ ከሥር ይቀራል፣ አንድ ቀን ጂኑ ብቻውን ይጮኻል። ማዳም አንዴ ፉት ብለው ብርጭቆውን ያስቀምጡና በመስኮት ያያሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እቴቴ፣ ስለ መጠጥ እንዲነሣብዎ እንደማይወዱ አውቃለሁ። አረቄ መሸጡን ከተዉ ወዲህ በቤትዎ ስሙ እንኳ አይጠራም። ግን ከእርስዎ በቀር ማንን ልጠይቅ? ይቅር ይበሉኝና አንድ ሁለት መስመር ይጻፉልኝ። የሚያስፈልግዎትንም ይንገሩኝ።

ያሳደጓት ልጅዎ
ሕይወት ሞላ


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሕይወት፤

በሰው አገር ጥላ የሆነሽ አምላክ ስሙ ይመስገን። እኔ አለሁ። ጉልበቴም እንደነበረ አለ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ልመልስ ጀምሬ ነበር። «የመጠጥ ነገር አትጠይቂኝ» ብዬ ጻፍሁና ቆየሁ፤ በኋላ ወረቀቱን ቆሎ ጠቀለልሁበት። ሱቃቸው ብሄድ ኑሪያ «ልጅቱ መልስ ትጠብቃለች እኮ እማማ» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ በመጠጥ ነገር ምን አገባሽ?» አልኋት።

«እኔማ ወላሂ ያንን ደብዳቤ ገልብጬ እጄን ታጥቤያለሁ።»

አባቷ ዑመር ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ «ደግመሽ ታጠቢ፣ መልሱም ይመጣል!» አላት። ሳልወድ ሳቅሁ።

እንግዲህ ስሚ። ስኳር በቀዝቃዛ አይሟሟም፤ ከሥር የሚቀርብሽ ለዚህ ነው። ስኳርና ውሃ እኩል አድርገሽ እሳት ላይ አሟሚው፤ አቀዝቅዘሽ በጠርሙስ አኑሪው። ሎሚውን ስትጨምቂ አትታገዪው። የሚመርሽ ልጣጩና ነጩ ነው፤ በቀስታ የሰጠሽን ያህል ተቀበይና የቀረውን ተዪው። የዚያ አገር ሎሚ ቢጫ፣ እንደ እንቁላል ትልቅ ነው ይላሉ ከዚያ የመጡት። እንዲያ ከሆነ ከእኛዋ ትንሿ ሎሚ ይልቅ ጉልበቱ ያነሰ ይሆናል፤ ስኳሩን ቀነስ አድርጊ።

መስፈሪያሽ አንድ ይሁን። የእኔን የአረቄ መለኪያ ታስታውሺያለሽ፤ ያችን የምታህል ብርጭቆ ፈልጊ። ከጂኑ አንድ ሙሉ፣ ከሎሚው ግማሽ፣ ከስኳሩ ውሃ ከግማሽ ጥቂት ጎደል። በዓይንሽ አትስፈሪ። ዓይን ሲደክመው ይዋሻል።

ከሁሉም በላይ ይህን ያዥ፦ ሳትቀምሺ አትስጪ። በመዳፍሽ ጠብ አድርገሽ ቅመሺ፣ ከዚያ ስጪ። እንግዳው ቢቸኩልም፣ ብትቸኩዪም፣ ቢደክምሽም።

ወንድምሽ ደሳለው ባለፈው ቅዳሜ ከጉና ወርዶ ድንች አምጥቶልኛል። እንደ ልማዱ ከበሩ ላይ አራግፎ «ደህና ዋሉ» ብሎ ሄደ። ከስቷል፤ ግን ደህና ነው።

ገንዘብ አትላኪ። የቆሎው ሽያጭ ይበቃኛል። የምጠቀልልበትን ጋዜጣ ሳላነብ አልጠቀልልም፤ ዘንድሮ ግን ፊደሉን እያሳነሱት መሰለኝ። መነጽር ቢገኝ እምቢ አልልም።

አክስትሽ
ፈንታነሽ


ቤይሩት፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እጅዎ ይባረክ ለምልዎ ለእቴቴ ፈንታነሽ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ሆነልኝ!

ክዳን ያለው የማር ጠርሙስ አጥቤ፣ በረዶ ሞላሁበት። በመለኪያው ጂኑን፣ ሎሚውን፣ የስኳሩን ውሃ ጨመርኩ። ከድኜ እጄ በቅዝቃዜ እስኪደነዝዝ ናጥኩት፣ እንደ ቅቤ። በሻይ ማጥለያ አጥልዬ ሰጠኋቸው። ማዳም ፉት አሉ።

«ሃያት።»

«አቤት ማዳም።»

«ሳርኪስ መጥቶ ነበር?»

«አልመጡም ማዳም።»

«እጁ መጥቷል» አሉኝ። ብርጭቆውንም ጨርሰው ጠጡት።

አንድ የገረመኝ ነገር ልንገርዎ። ጂኑን ስከፍተው የሚሸተኝ የኢየሱስ ግቢ ጥድ ነው። ብጠይቃቸው «ከጥድ ፍሬ ጋር ነው የሚወጣው» አሉኝ። እኛ ከሥሩ ቆመን የምናስቀድስበትን ዛፍ እነሱ ይጠጡታል።

በመዳፌ ስቀምስ ያዩኝ ቀን ደግሞ «ከእጅሽ የምትልሺው ምንድን ነው? ድመት ነሽ?» አሉ። የአገሬ ልማድ ነው፣ ቀጂ ይቀምሳል አልኳቸው።

«መርዝ ቢሆን አንቺ ቀድመሽ እንድትሞቺ?»

«አዎ ማዳም።»

«ሳርኪስ እንኳ እንዲህ አልወደደኝም!» ብለው ሳቁ። አሁን እኔ ካልቀመስኩ ብርጭቆውን አያነሡም።

ልማዱም ጠቀመኝ። ሲልቫ በሰው እጅ አዲስ ጠርሙስ ላከች። መልኩ ያው ውሃ፣ ሽታው ያው ጥድ። በመዳፌ ስቀምሰው ምላሴን ቆነጠጠኝ። ሁለት ጊዜ እንደወጣው አረቄ፣ እንደ ዳጊሙ ነው። ግማሽ መለኪያ ብቻ አድርጌ ሰጠኋቸው። ባልቀምስ ኖሮ ማዳም ከወንበራቸው ሲነሡ ወድቀው ነበር።

አሁን የቸገረኝ አንድ ነገር ነው። አንዳንድ ቀን «ድገሚኝ» ይሉኛል። ሐኪሙ አንድ ነው ያለው፤ እሳቸው ደግሞ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እርስዎ ያን ሁሉ ዘመን ሲሸጡ፣ ሰው «ድገሚኝ» ሲልዎ ምን ይመልሱ ነበር?

መነጽሩን አልረሳሁም።

ልጅዎ ሕይወት


ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሕይወት፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። በዓሉን በሰላም ዋልን። ኑሪያና አባቷ ለፋሲካ ዘይትና ስኳር ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ኔትወርኩ ጠፍቶ ስለከረመ ደብዳቤሽ የደረሰኝ በቅርቡ ነው፤ እኔም አቆይቼዋለሁ፣ አልዋሽሽም።

መጠጡ ስለሆነልሽ ደስ ብሎኛል። የጥዱን ነገር ለመርጌታው ብነግራቸው «አጥሩን ጠብቁት እንግዲህ» አሉ። በረዶ በመጠጥ መጨመሩ ግን አልገባኝም። እዚህ በረዶ ገብስ ሲያጠፋ እንጂ ሲጠጣ አላየሁም።

ጠንካራውን ጠርሙስ ለብቻው አኑሪው። አንገቱ ላይ ክር እሰሪበት። ከለስላሳው አጠገብ አታስቀምጪው። ሰው በደከመው ቀን የሚያነሣው ጠርሙስ ለእጁ የቀረበውን ነው።

የቀረውን ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ዛሬ ደክሞኛል።

ፈንታነሽ


ቤይሩት፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ ፈንታነሽ፤

ሰላምዎ ይብዛ። እንደ ሌላው ጊዜ ብዙ አልጠይቅዎትም፤ ክፉ ነገር ገጥሞኛል።

ሲልቫ ማድ ቤቱ ውስጥ ካሜራ አስገጥማ ኖሯል። ካናዳ ተቀምጣ በስልኳ ታየናለች። ያየችውም እኔ ከጠርሙሱ በእጄ እያንጠባጠብኩ ስልስ ነው። አንድ ቀን አይደለም፤ ሁልጊዜ። ደውላ «እናቴን ለሰካራም አልተውም» አለችኝ። ልማድ ነው ብላት «ከአንቺ በፊት የነበረችውም ስኳሩን ስትሰርቅ ልማድ ነው ትል ነበር» አለች። ማዳም ስልኩን ነጥቀው ጮኹባት። «እማዬ፣ አንቺ ትረሺያለሽ» ብላ ዘጋችባቸው። እሳቸው እንኳን የዛሬውን፣ ሳርኪስ በሠርጋቸው ቀን ያደረጉትን የካልሲ ቀለም አይረሱም።

በሰኔ መጨረሻ ራሷ ትመጣለች። እኔን ወደ አገሬ፣ ማዳምን ደግሞ ወደ አረጋውያን ቤት ልትልክ ነው። ማዳም ይህን ከሰሙ ጀምሮ ከመስኮቱ አይነሡም። «እዚያ መጠጡን የሚቀምስልኝ ማነው?» ይሉኛል። የእኔ ነገር አንድ ነገር ነው፤ እሳቸው ግን ከወንበራቸው ከተነሡ ክረምቱን አይዘልቁም።

እቴቴ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሲልቫ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ቀጂ ለምን እንደሚቀምስ ከእኔ አፍ አልሰማ ብላለች፤ ካስተማረኝ ሰው እጅ ብታነበው ምናልባት። ኑሪያ ዓረብኛ መጻፍ ትችላለች፤ ትገለብጠዋለች። እባክዎ ቶሎ ይሁን።

ሕይወት


ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሕይወት፤

እግዚአብሔር የአሠሪሽን ልብ ያራራ። ደብዳቤሽን አይቼ አዝኛለሁ።

እዚህ ዝናቡ ቶሎ ገባ። ደሳለው በርበሬ ሊገዛ ወርዶ ነበር፤ ድንች ጣለልኝ። ዘንድሮ ድንቹ ትንንሽ ነው፣ ግን ዱቄት የመሰለ ነው፤ ሲቀቀል ይፈርሳል። የጎረቤታችን አጥር ወድቆ በጎቹ ገብተው ጎመኔን ጨረሱት። ዑመር ጉንፋን ይዞት ሰንብቶ ተሽሎታል።

ስለ ደብዳቤው፣ እኔ ለፈረንጅ ምን ብዬ እጽፋለሁ? ያልተማርሁ ሴት ነኝ። ጸልዪ። እኔም እጸልያለሁ።

ፈንታነሽ


ቤይሩት፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ ፈንታነሽ፤

የጻፉልኝ ስለ ድንቹ ነው።

ያልተማርሁ ነኝ አሉኝ። ዳዊት የሚደግሙ፣ የቆሎ መጠቅለያውን ሳይቀር የሚያነብቡ ሴት ነዎት። አለመማር አይደለም የያዘዎት። ምን እንደያዘዎት አውቃለሁ፤ ስለዚህ እርስዎ መናገር ሳያስፈልግዎ እኔ ልበለውና ይውጣልን።

አባቴ ሞላ የሞተ ቀን የጠጣው ከእርስዎ ቤት ነው። የኅዳር ጾም ገብቶ ስለነበር አልቀመሱም። ተራው አረቄና ዳጊሙ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ በተራው ፈንታ ዳጊሙን ቀዱለት። እሱም እንደ ሁልጊዜው መጠኑን ጠጣ። ሲመሽ «ደክሞኛል፣ ቤቴን ልዝጋ፣ ሂድ» አሉት። ጉና ሥር ውርጭ ላይ ተኝቶ አገኙት። ይህን ማንም አላሳበቀብዎትም። በልቅሶው ላይ ደረትዎን እየመቱ «ሳልቀምስ ሰጠሁት» እያሉ ሁሉን ሲያወጡት እናቴ ማሬ ሰምታለች። ደሳለውም እጇን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሰምቷል። እኔ ካደግኩ በኋላ ነገሩኝ።

አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። አንድ ሰሞን ተቀይሜዎት ነበር። ከዚያ ግን አስታወስኩ፤ ቤትዎ ከወሰዱኝ ጀምሮ ወተቱን ቀምሰው ነበር የሚሰጡኝ። ሾርባውን ቀምሰው። ሳል ሲይዘኝ ያንን መራራ መድኃኒት ሳይቀር በማንኪያ ቀምሰው፣ ፊትዎ ተጨማዶ፣ «ይሄው ምንም አይልም» እያሉ። በእንዲህ ያለ እጅ ያደገ ሰው ቂም የት ያስቀምጠዋል?

ደሳለውም በር ላይ የሚቆመው ቂም ይዞ እንዳይመስልዎ። መልኩ የአባቴ ነው። «ሲያዩኝ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ግባም አይሉኝም፤ ለምን ላስጨንቃቸው» ነው የሚለኝ። እስቲ አንድ ቀን ግባ ብለውት ያውቃሉ?

ሲልቫ የምትመጣበት ቀን ደርሷል። ቢጽፉም ባይጽፉም እናቴ ነዎት። ግን ይጻፉ።

ሕይወት


ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሕይወት፤

አነበብሁት። ደግሜ አነበብሁት። ስለ እሱ ዛሬ አልጽፍም፤ እጄ አይችልም። የለመንሽኝን ግን ይኸው።

ኑሪያ ሱቋን ዘግታ ከእኔ ጋር ዋለች። «አረቄ ቸርቻሪ ነበርሁ» ካለው ላይ ስትደርስ ብዕሯን አነሣች።

«እማማ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበርሁ ብዬ ልጻፈው?»

«አረቄ ቸርቻሪ ብለሽ ጻፊው።»

«በዓረብኛ ሲሆን እኮ ይከብዳል።»

«በአማርኛም ከባድ ነው» አልኋት። ጻፈችው።

ኔትወርክ አለ የተባለበት ጉብታ ድረስ ወጥታ ነው የምትልከው። ጫማዋ በጭቃ ይበላሻል፤ አመስግኚያት።

ፈንታነሽ

ለወይዘሮ ሲልቫ፣ ባሉበት፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎና ለእናትዎ ይሁን። የሕይወት አክስት ነኝ፤ ያሳደግኋትም እኔ ነኝ። በደብረ ታቦር ከተማ ብዙ ዘመን አረቄ ቸርቻሪ ነበርሁ፤ ባሌ ይሻው በወጣትነቱ ስለሞተብኝ በዚያ ነው የኖርሁት።

በእኛ አገር መጠጥ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ጠምቶት አይደለም። ክፉ ነገር ካለበት እኔን ያግኘኝ ማለቱ ነው። ከትናንቱ የበረታ ከሆነም የእንግዳው ጉልበት ከማወቁ በፊት የቀጂው ምላስ እንዲያውቀው ነው። ጠርሙስ አይናገርም። ብርቱውም ደካማውም ውሃ ይመስላል።

በካሜራ ያዩትን ነገር ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ በመጋቢት የላኩት ጠርሙስ ከፊተኛው የበረታ ነበር። ልጅቱ በመዳፏ አውቃ ቀንሳ ሰጠች። እናትዎ ያን ቀን ከወንበራቸው በደህና የተነሡት ለዚህ ነው።

ሳይቀመስ የተሰጠ መጠጥ ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ልጅቱን ከማሰናበትዎ በፊት፣ አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ለእናትዎ እርስዎ ይቅዱላቸው። ግን ቀምሰው ይስጡ።

ፈንታነሽ፣ የይሻው ሚስት


ቤይሩት፣ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእቴቴ ፈንታነሽ፤

ክረምቱን በደህና ያውጣዎ። ሳልጽፍ የቆየሁት የሚሆነው እስኪታወቅ ብዬ ነው።

ሲልቫ መጣች። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ጠበቅኳት። ደብዳቤዎን በስልኳ ላይ ቆማ አነበበችው፤ ተቀምጣም አነበበችው። ሲመሽ ማድ ቤት ገብታ «ዛሬ እኔ ነኝ የምቀዳው» አለችኝ። ክር ያሰርኩበትን ጠርሙስ ነው ያነሣችው፤ ራሷ የላከችውን። ማዳም ሳይቀመስ እንደማይነኩት ስለማውቅ አላስቆምኳትም። በሙሉ ብርጭቆ ሠርታ ወሰደችላቸው።

ማዳም እጃቸውን በብርጭቆው አፍ ላይ ከደኑበት። «ቅመሺ» አሏት።

«እማዬ፣ ጂን እኮ ነው!»

«ሃያት ትቀምሳለች። አንቺ ልጄ ነሽ፤ አንቺም ቅመሺ።»

ተናዳ አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ሳል ያዛት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ማድ ቤት ተመልሳ ጠርሙሱን አዙራ የአልኮሉን ቁጥር አነበበች። ከዚያ መጠጡን ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። «እስከ ዛሬ ከዚህ ስንት ነበር የምታደርጊላት?» አለችኝ። መለኪያውን አሳየኋት።

ካሜራው አልወረደም። ይቅርታም አላለችኝም። ግን ሻንጣዬን ፈትቻለሁ፤ ማዳምም ወንበራቸው ላይ ናቸው። አሁን አሁን ግማሹን ጠጥተው ግማሹን ያስቀሩታል። እየደከሙ ነው እቴቴ። እኔም ደክሞኛል። ሆኖም ሲመሽ አብረን እንቀመጣለን።

ሰልማ የምትባል የሀሙሲት ልጅ ወደ አገር ስለምትገባ መነጽሩን ይዛልዎታለች። ትንሽ ጂንም ልኬያለሁ፤ ለስላሳውን ነው። ይሥሩት። የአባቴን ልጅ ግባ ይበሉትና ይቅዱለት። እርስዎም ቀምሰው ይስጡት።

ልጅዎ ሕይወት


ደብረ ታቦር፣ እሑድ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሕይወት፤

እሳት የማይጠፋበት፣ ሰው የማይርቅበት ቤት ይስጥሽ። መነጽሩ ደረሰኝ፤ ይህንንም በእሱ ነው የምጽፍ። ሰልማ ጠርሙሱን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ሱቁ ውስጥ አላስገባም ብላ ደጅ ድንጋይ ላይ አስቀምጣው «ይህን ጣጣችሁን አንሡልኝ» አለች። ኑሪያ በዱላ ገፋ አድርጋ አሳየችኝ። ዑመር ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሳሉ ተነሣበት።

ትናንት ገበያ ነበር። ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ፤ ቆርቆሮው ሊቀደድ እስኪደርስ። ደሳለው ሳይሸጥ የቀረ በግ እየጎተተ በሩ ላይ ደረሰ። ከጣራው ጠርዝ ሥር ተጠግቶ «እስኪያባራ ነው» አለኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሁሉ።

«ግባ» አልሁት።

«ጭቃ ነኝ እኮ እቴቴ።»

«ቤቱም ጭቃ ነው። ግባ።»

ገባ። በጉንም ይዞት ገባ። መደቡ ላይ ሲቀመጥ የአባትሽ የሞላ ትከሻ ነው። አየሁት። ፊቴ ጠቁሮ እንደሆነ አላውቅም፤ ዓይኔን ግን ከእሱ አላነሣሁም።

ሣህን ከጠርዙ ሥር አስቀምጬ በረዶውን ተቀበልሁ። ሎሚ ነበረኝ፤ ስኳሩን አሟሟሁ። መለኪያዬን ከሣጥኑ ግርጌ አወጣኋት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልወጣችም ነበር። አጠብኋት። በቡና ቆርቆሮ ውስጥ ከድኜ እንዳልሽው ናጥሁት፤ በጉ ደንግጦ ጮኸ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ደሳለው።

«እኅትህ ለአሮጊቷ የምትቀዳው ነው። በረዶ አለበት።»

«ገብሴን ያጠፋው በረዶ ከሆነ ይምጣ፤ ቂሜን ልወጣ» አለ።

በመዳፌ ጠብ አደረግሁ። እሱ እጄን ያይ ነበር። ቀመስሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በአፌ የገባ መጠጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጥድ ነው፣ ሎሚ ነው፣ ብርድ ነው።

«ቀመሱት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ቀመስሁት።»

በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ጠጣና ፊቱን አኮማተረ፤ «የቤተ ክርስቲያን አጥር የላስሁ መሰለኝ» አለ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ የሞላ ሳቅ። ስለ ሌላው ነገር እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ። ስለ ገብሱ አወራን። ስለ እናትሽ ወገብ አወራን። ሲያባራ ለመሄድ በጉን ሊፈታ ተነሣ፤ ደግሞ ብርጭቆዋን አየት አደረገና «ለመንገዴ አንድ ልድገም ይሆን?» አለ።

በመጋቢት የጠየቅሽኝን ያን ጊዜ ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ። አሁን ልመልስልሽ። ድገሚኝ ላለ ሰው መልሱ እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ታድራለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ለማዳምሽም እንዲሁ ነው፤ ብርጭቆው ሳይሆን የሚፈልጉት የምትቀመጪበት ወንበር ነው። አጠገባቸው ተቀመጪ።

«ለመንገድ አልቀዳም» አልሁት። «ካደርህ እቀዳለሁ።»

በጉን መልሶ አሰረው። ከዚያ ጫማውን አወለቀ።

አሁን ነግቷል። ጉና ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኗል። የቅዳሴው ደወል ከተሰማ ቆየ፤ አልሄድሁም። ኑሪያ ወረቀቱን ልትወስድ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዝም በይ ብያታለሁ። ደሳለው መደቡ ላይ በጋቢዬ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ደርሳለች።

አልቀሰቅሰውም።

አክስትሽ
ፈንታነሽ